ሐሙስን መጠበቅ

ልጄ የተወለደው ሐሙስ ነው። የሕፃን ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የሚቆጠረው በሳምንት ስለሆነ፣ ሐሙስ በመጣ ቁጥር አንድ ይጨምራል፤ «ስንት ሆነው?» ሲሉኝ «ዛሬ አምስት ሳምንቱ» እላለሁ። ከዚህ ሌላ ማክሰኞን ከእሑድ የሚለይልኝ ነገር አልነበረም። ጡት፣ ማስገሳት፣ ዳይፐር፣ እሹሩሩ፣ ደግሞ ጡት። አንድ ቀን ባለቤቴ ጠዋት ሊወጣ ሲል «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ነገረኝ። ማታ ሲገባ ያንኑ ጥያቄ ደገምኩለት። እሱ ሳቀ፤ እኔን ግን ሳቁ እንቢ አለኝ።

አሁን ልጁ ዘጠኝ ወር አልፎታል። ይህን የምጽፈው አራስ ቤት ሆና፣ በአንድ እጇ ስልክ በሌላው ልጇን ይዛ ለምታነብ እናት ነው። ልጅ እንዴት እንደሚተኛ የሚነግርሽ ሞልቷል፤ እኔ በዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም፣ የኔውም ገና አልተኛም። የምነግርሽ በየሳምንቱ አንዲት ትንሽ ነገር ለራሴ እያስቀመጥኩ እንዴት እንደሰነበትኩ፣ የቱ እንደያዘልኝና የቱ እንዳልሆነልኝ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በስድስተኛው ሳምንት ምርመራ ላይ ነው። ነርሷ ልጁን መዘነችው፣ እኔን የደም ግፊት ለካችኝ፣ ከዚያ አሥር ጥያቄ ያለበት አንድ ወረቀት ሰጠችኝና «ሳታስቢ ሙዪው» አለችኝ። የኤዲንብራ መጠይቅ ይሉታል፤ በ1987 የወጣ ነው (ዓመት በጠቀስኩበት ሁሉ የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ነው)። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት ያለባትን እናት ለመለየት ይጠቅማል፤ የሚጠይቀውም ስላለፉት 7 ቀናት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ መሳቅ ትችዪ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሚመጣውን ነገር በደስታ ትጠብቂ እንደሆነ።

እስክሪብቶዬ እዚያ ላይ ቆመ። በደስታ የምጠብቀው ምን አለኝ? የሚተኛበትን ሰዓት እጠብቃለሁ። እሱን ግን የምጠብቀው እንደ ደስታ ሳይሆን አውቶቡስ እንደሚጠበቅ ነው። አሰብኩ አሰብኩና «ከበፊቱ ያነሰ» የሚለውን ምልክት አደረግኩ።

ውጤቱ ክፉ አልነበረም። ነርሷ ደምራ «ደክሞሻል እንጂ ሌላ የሚያሠጋ አላየሁም» አለችኝ፤ ቢሆንም አስቀምጣ ያስረዳችኝን ላስተላልፍ። በወለድሽ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ምክንያት ማልቀስ የተለመደ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ከወራት በኋላ አዲስ ሆኖ ከመጣ ግን ጠንካራ በመሆን የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ሽው ካለብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ የዚያኑ ዕለት ለሰው ተናግረሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ከዚህ በታች የምጽፈው ለደከማት እናት እንጂ ለታመመች መድኃኒት አይደለም።

ያቺ ሁለተኛ ጥያቄ ግን ቤት ድረስ ተከተለችኝ።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት «በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ለራሴ» ብሎ ማወጅ ነው። ሰኞ ልጁ ሲያለቅስ ዋለ፣ ማክሰኞ እንግዳ መጣ፣ ረቡዕ እኔ አንቀላፋሁ። በሦስት ቀን የአንድ ሰዓት ተኩል ዕዳ ተከመረብኝ። አራስ ቤት ውስጥ ጥፋተኝነት እንደሆነ ሞልቶ የተረፈ ነው፤ በገዛ እጄ ሌላ ልጨምርበት? ስለዚህ ወደ ሳምንት አወጣሁት። ቀኑ ሐሙስ ይሁን፣ ሐሙስ ካልሆነ ዓርብ፣ ዓርብ ካልሆነ ቅዳሜ፤ እስከ ረቡዕ ማታ ድረስ ጊዜ አለኝ ማለት ነው። ሳምንት ሰፊ ነው። በሳምንት ውስጥ አንድ ሃያ ደቂቃ የማይገኝበት ቤት ያለ አይመስለኝም፤ በቀን ውስጥ ግን አለ፣ የኔ ቤት ነው።

ሁለተኛው ስህተት የመረጥኩት ነገር ነው። ከእርግዝናዬ ጀምሮ ያስቀመጥኩትን ወፍራም ልቦለድ አወጣሁ። አንዱን ገጽ አራት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ወደ ተከታታይ ድራማ ዞርኩ፤ በሦስተኛው ክፍል አንዱ ሰውዬ ሞቶ ቤቱ ሁሉ ሲያለቅስ እኔ የማን ወንድም እንደነበር እንኳ አላስታወስኩም። ችግሩ የመጽሐፉም የድራማውም አልነበረም። ታሪክ ክር አለው፣ አራስ ደግሞ ክር የመያዝ አቅም የላትም፤ በየአርባ ደቂቃው ይበጠስባታል። ቀስ እያልኩ የገባኝ፣ የሚያስፈልገኝ መሀል ላይ ቢቋረጥ የማይበላሽ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ትቼው ብሄድ የማይቀየመኝ ነገር እንደሆነ ነው። ሥዕል እንደዚያ ነው። ግጥም እንደዚያ ነው። ሰማይም።

ስለ ሥዕሉ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የቆየው እሱ ነው። ትልልቅ ሙዚየሞች ሥዕሎቻቸውን በጥሩ ጥራት ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀምጣሉ፤ የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም አለ፣ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየምም ከ2017 ጀምሮ የባለቤትነት መብት የሌለባቸውን ሥራዎች ፎቶ ማንም በነፃ እንዲወስድ ፈቅዷል። እኔ ያደረግኩት ቀላል ነው። በየሳምንቱ አንድ ሥዕል፣ አንድ ብቻ፣ መርጬ በወረቀት አሳትሜ ከማጠባበት ወንበር ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ በፕላስተር እለጥፋለሁ። ስልኬ ላይ ለምን አላየውም? ስልክ ከከፈትኩ ሥዕል ማየቴን ትቼ የሌላ ሰው ልጅ ስንት ኪሎ እንደሆነ ሳጣራ እገኛለሁ። ወረቀት ወደ ሌላ ወረቀት አይወስድም።

የመጀመሪያው የበርት ሞሪዞ ነበር። በ1872 የሣለችው ነው፣ ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። አንዲት እናት ከሕፃን አልጋ አጠገብ ተቀምጣ የተኛች ልጇን ታያለች፣ ሌላ ምንም የለም። መጀመሪያ ሳየው «ታድላ፣ ተኝቶላታል» ብዬ አለፍኩ። ሐሙስ ሄዶ ቅዳሜ ሲመጣ እጇን አየሁ። ግራ ክንዷን አጥፋ ጉንጯን አስደግፋለች፤ ሕፃኗም ክንዷን እንደዚያው አጥፋ ተኝታለች። እናትና ልጅ አንዱ የሌላው መስታወት ሆነዋል። ሰኞ ደግሞ ቀኝ እጇ ላይ ደረስኩ፤ የአልጋውን ስስ መጋረጃ በእኛና በልጇ መካከል ስባዋለች። አትዩብኝ እንደማለት። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ ልጁን እያገላበጠ ሲስምብኝ ስለነበር ያቺ እጅ ሆዴን በላችው።

ከዚያ የሥዕሉን ታሪክ አነበብኩ። የተቀመጠችው ሴት የሠዓሊዋ እኅት ኤድማ ናት፣ ሕፃኗም ልጇ ብላንሽ። ሁለቱ እኅትማማቾች ሥዕል የተማሩት አብረው ነው። ኤድማም ሠዓሊ ነበረች፤ በ1869 ስታገባ ነው ብሩሹን ያስቀመጠችው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ የሴትየዋ ፊት ተለወጠብኝ። ልጇን እያየች ነው ብዬ ተቀምጬ ነበር፤ አሁን አንዳንዴ ልጇን አልፋ ሌላ ነገር የምታይ ይመስለኛል። ሌላ ቀን ደግሞ አይ፣ ልጇን ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ስንጨቃጨቅ ከረምን። በርት ራሷ በ1878 ሴት ልጅ ወለደች፤ ኢምፕሬሽኒስት የሚባለው የሠዓሊዎች ቡድናቸው ካሳያቸው ስምንት ኤግዚቢሽኖች የቀረችው ከአንዱ ብቻ ነው፣ እሱም በማግሥቱ ዓመት በ1879 የታየው። ሥራ ስለማቋረጤ ውስጥ ውስጡን ሲበላኝ ለነበርኩት ለእኔ ይህች ቁጥር ከብዙ ምክር በለጠችብኝ። አንዱን ቀረች። ሰባቱን ግን ነበረች።

በሌላ ሳምንት የዮሐንስ ቬርሜርን ወተት የምትቀዳ ሴት ለጠፍኩ። ጸጥ ያለ ክፍል፣ በመስኮት የሚገባ ብርሃን፣ የምትወርድ ቀጭን የወተት ክር። እንዴት ያለ ሰላም ነው ስል ከረምኩና የሰውየውን ታሪክ ባነብ ሚስቱ አሥራ አምስት ልጅ ወልዳ አሥራ አንዱ በሕይወት የተረፉለት አባት ኖሯል! ያን ሁሉ ጸጥታ ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቅ። ሥዕሎቹ ውስጥ አንድም የሚያለቅስ ሕፃን የለም። የሚስቱን ሐሳብ ብሰማ ደስ ባለኝ።

ልጁም ከዚህ ግድግዳ ድርሻ አለው። አራስ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ያለውን ነው፤ ጡት ላይ ሆኖ እስከ እናቱ ፊት ያለው ርቀት ማለት ነው። ደብዘዝ ካለ ቀለም ይልቅ ጥቁርና ነጭ፣ ጉልህ መስመር ይስበዋል። በሌላ ሳምንት ደግሞ የፒየት ሞንድሪያንን ሥራ አሳተምኩ፤ በ1930 የሠራውን፣ በወፍራም ጥቁር መስመር የተከፋፈለ፣ ትልቅ ቀይ አራት ማዕዘን ያለበትን። አቀረብኩለት። ማልቀሱን አቆመና አፉን ከፍቶ አፈጠጠበት። ባለቤቴ «ይኼንንማ እኔም እሥለዋለሁ» አለ። «ሣለዋ» አልኩት። እስካሁን አልሣለውም።

ሌሊቱን ልንገርሽ። ልጄ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሳያዛንፍ ይነቃ ነበር። አንድ ሐሙስ መኝታ ቤታችን መስኮት ላይ ሙሉ ጨረቃ ተቀምጣ አየኋትና «የሳምንት ሰው ይበለን» ብዬ ተሰናበትኳት። በሳምንቱ በዚያው ሰዓት ብነሣ መስኮቱ ባዶ ነው። ደመና የለም፣ ከዋክብት ወጥተዋል። ልጁን እንዳቀፍኩ ጨለማ ውስጥ እየዳበስኩ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ፤ እዚያኛው መስኮት ላይ፣ በቤቱ ተቃራኒ በኩል፣ ግማሽ ሆና አገኘኋት። ዕቃዋን ጠቅልላ ክፍል የቀየረች መሰለኝ።

ጠዋት አነበብኩ። ጨረቃ ዙሯን ጨርሳ ወደነበረችበት መልክ የምትመለሰው በ29 ቀን ተኩል ነው፤ ስለዚህ በሳምንት በሳምንት ብታያት ሁልጊዜ ሩብ ያህል ተለውጣ ትጠብቅሻለች። በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ትወጣለች። ሙሉ ስትሆን የምትወጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ከሳምንት በኋላ የምትወጣው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው፤ በዘጠኝ ሰዓት ገና በምሥራቅ በኩል ናት። ከዚያ ለሁለት ሐሙስ ጠፋችብኝ። አንዱን ጨለማ ስለሆነች፣ ሌላውን ደግሞ እየሞላች ያለች ግማሽ ጨረቃ እኩለ ሌሊት ላይ ስለምትገባ ነው። ይህን ሁሉ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም አልፌበታለሁ። የገባኝ ግን ልጅ ታቅፌ ከመስኮት መስኮት ስፈልጋት ነው። ሰማዩ ደመና ለሆነባት ስቴላሪየም የሚባል ፕሮግራም አለ፣ የትኛው ኮከብ የት እንዳለ ያሳያል፤ ለእኔ ግን መስኮቱ ይበልጥብኛል።

አንድ ንጋት ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ቀጭን ማጭድ የመሰለች ጨረቃ አየሁ፤ የቀረው ጨለማ ክቧም በስሱ ይታያል። እሱ ከምድር ተንጸባርቆ የሄደ ብርሃን ነው፤ ምክንያቱን ከ500 ዓመት በፊት ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ማስታወሻው ላይ ጽፎታል። አጠገቧ የአጥቢያ ኮከብ ነበረ። ያን ጊዜ ነው በዕድሜዬ ሁሉ ስናገረው የኖርኩት ቃል ጆሮዬ ውስጥ የገባው፦ ሌሊቱም ጠባ፣ ልጁም ጠባ። ሲጻፉ መለያ የላቸውም። ማንን ላስነሣና ልንገረው? ባለቤቴን ቀሰቀስኩት። «ሌሊቱም ጠባ፣ ልጁም ጠባ» አልኩት። «እሺ» ብሎ ተገለበጠ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ ሌሊት ስታጠቢ የእንቅልፉ ነገር አያስተማምንም፣ ሶፋ ላይ ሕፃን ታቅፎ እንቅልፍ መወሰድ ደግሞ አደገኛ ነው። እያንጎላጀጅሽ ከሆነ ጨረቃዋ ትቅር፤ ልጁን አልጋው ላይ በጀርባው አስተኝተሽ አንቺም ተኚ። ትመለሳለች፣ እሷ ሥራዋ ነው።

የመስማቱ ነገር የመጣው ከጓደኛዬ ነው። ሩቅ አገር ናት፣ ስልክ ለመደዋወል ሰዓታችን አይገጥምም። «ሐሙስ ሐሙስ አንድ ነገር በድምፅሽ ላኪልኝ» አልኳት። «ምን ልላክ?» «የፈለግሽውን። ግን ስለ ልጅ አይሁን።» የመጀመሪያው መልእክቷ ለራሷ የጻፈችው አጭር ግጥም ነበር፤ ከበስተኋላዋ ሰው በር ሲዘጋ ይሰማል። ሁለተኛው ሥራ ቦታ የተጣላችው ሰው ታሪክ፣ ሦስተኛው ከአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ያገኘችው ቃል። አራት ደቂቃ አይሞሉም። አንዱን ጆሮዬን ለልጁ ትቼ በአንዱ ብቻ እሰማቸዋለሁ፤ አንዳንዱን በሳምንት ስድስት ጊዜ። እኔም አጸፋውን እልካለሁ። ስለ ልጅ እንዳይሆን የሚለው ሕግ ለእኔ ከብዶኝ ነበር፣ በመጀመሪያው ሳምንት የምለው ጠፍቶኝ ስለ ግድግዳዬ ሥዕል አወራሁላት። እስከ ዛሬ ስለ ኤድማ ትጠይቀኛለች።

ድምፅን ካነሣሁ፣ ለልጅ ማንበብ የሚባለውን ነገር እኔ በራሴ መንገድ ነው የወሰድኩት። በ1980 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ገና የተወለዱ ሕፃናት የሚጠባ ነገር ተሰጥቷቸው፣ አጠባባቸውን በመለዋወጥ የትኛው ድምፅ እንደሚሰማ መምረጥ ይችሉ ነበር፤ ከሌላ ሴት ድምፅ ይልቅ የእናታቸውን መርጠዋል። ድምፅሽን ሆድሽ ውስጥ እያለ ለምዶታል ማለት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ጥንቸልና ጥርኝ የሚያወሩበትን መጽሐፍ አስቀመጥኩት፤ ለዚያ ገና ጊዜ አለው። በሦስት ወሩ ምኑም ስለማይገባው የሚገባኝን እኔ አነበብኩ፦ ግጥም፣ የጋዜጣ ዓምድ፣ አንዴማ ስለ ድልድይ አሠራር ረጅም ጽሑፍ። ጮክ ብሎ ማንበብ ደግሞ እንቅልፍ ያስረሳል። እሱ ለድምፁ፣ እኔ ለነገሩ፤ ሁለታችንም ድርሻችንን ወሰድን።

እሹሩሩ የደስታ ነገር ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ሥራ ነበር። አንድ ሐሙስ እናቴን «እማዬ፣ እኔን ምን እያልሽ ነበር የምታስተኚኝ?» አልኳት። «ኧረ እኔ እንጃ ልጄ፣ የስንት ዘመን ነገር! እናንተም አትተኙም ነበር» አለችኝ። ተስፋ ቆረጥኩ። ትንሽ ቆይታ ልጁን ተቀበለችኝ፣ ትከሻዋ ላይ አደረገችው፣ እጇ ጀርባውን መታ መታ ማድረግ ሲጀምር አፏም ተከተለ። ዜማው ሙሉ ነው፣ ቃሉ አልጎደለም። አላቋረጥኳትም፤ ስልኬን ቀስ ብዬ አውጥቼ ቀዳሁት። በኋላ ሳሰማት «እኔ ነኝ እንዴ?» አለች። ምክሬ ይህ ነው፦ አትጠይቂ፣ ልጁን ስጪና ጠብቂ። የሚያስታውሰው እጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት የማላውቃቸውን ቋንቋዎች እሹሩሩ እየፈለግኩ ሰማሁ። ቃሉ ሳይገባኝ ማስተኛ መሆኑ ይገባኛል። ይህ የእኔ ብቻ እንዳልሆነም ደረስኩበት፤ በ2018 በታተመ ጥናት ከ60 አገሮች የተውጣጡ 750 ሰዎች የ86 ማኅበረሰቦችን ዘፈኖች አሥራ አራት አሥራ አራት ሰከንድ እየሰሙ ለምን እንደሚዘፈኑ እንዲገምቱ ተደርጎ፣ ማስተኛውን ከጭፈራው በደንብ ለይተውታል። ልጄ ግን ሁሉንም እኩል አይተኛባቸውም።

ከቤት መውጣቱን በአጭሩ። አንድ የሥዕል ኤግዚቢሽን ለማየት በሦስት ወሩ ይዤው ሄድኩ፤ በጋሪ፣ በእኩለ ቀን፣ ሁሉንም ክፍል አዳርሳለሁ ብዬ። ደረጃው አስቸገረኝ፣ ልጁ ሁለተኛው ክፍል ላይ ጮኸ፣ አንድ ሰውዬ «እዚህም ሕፃን ይመጣል እንዴ?» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለአየሩ። ወጥቼ አለቀስኩ። ከወር በኋላ ደግሜ ሄድኩ። በር እንደተከፈተ፣ ሰው ሳይበዛ፣ በደንብ አጥብቼው፣ ደረቴ ላይ አዝዬው፣ ሦስት ሥዕል ብቻ አይቼ ለመውጣት ቆርጬ። በሃያ አምስት ደቂቃ ጨረስኩ። ከሦስቱ አንዱ ፊት አግዳሚ ወንበር ነበር፣ ተቀመጥኩ፣ ልጁ ተኛ፣ እኔም አሥር ደቂቃ ሙሉ ያለ ማንም ተቀመጥኩ። ሰውየው ዛሬም ይሁን ሌላ ቀን ይናገር፤ ሕፃን የማይገባበት ቦታ ከሆነ በሩ ላይ ይጽፉታል።

ስለ ባል አንድ ነገር ልጨምር። የእኔው ደግ ሰው ነው፣ «ልርዳሽ?» ይላል። ለረጅም ጊዜ «አይ፣ ይሁን» ስል ኖርኩ፤ ምክንያቱም «ልርዳሽ» ሲለኝ ሥራው የእኔ እንደሆነና ምን እንደሚሠራ ማዘዝም የእኔ እንደሆነ ይሰማኛል። አንድ ሐሙስ ተናደድኩና «አትርዳኝ፤ ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ልጁ ያንተ ነው፣ ቢያለቅስም ያንተ ነው» አልኩት። የመጀመሪያው ቀን ልጁ ሠላሳ ደቂቃ አለቀሰ፣ እኔም መኝታ ቤት ሆኜ አብሬ። በአራተኛው ሳምንት አባትና ልጅ የራሳቸው የሆነ ጨዋታ ፈጥረው ነበር፤ እኔ ልጫወተው ስሞክር ልጁ አይስቅም። ረዳት የሌላት እናት ይህን አንብባ ቅር እንዳይላት፤ ከጻፍኳቸው አብዛኛዎቹን ያደረግኩት ልጁ ላዬ ላይ እያለ ነው።

ማስታወሻ ደብተርም አለኝ፤ ለሳምንት አንድ መስመር ብቻ። ቃል በቃል ልቅዳልሽ። «ስምንተኛ ሳምንት፦ የኤድማ ቀኝ እጅ።» «አሥራ አንደኛ፦ ጨረቃ ወጥ ቤት ሄደች።» «አሥራ አራተኛ፦ ምንም። ተኛሁ። እሱም ጥሩ ነበር።» «አሥራ ዘጠነኛ፦ እማዬን ቀዳኋት።» «ሃያ ሁለተኛ፦ ረሳሁት፣ ዛሬ ሰኞ ነው።» ለስድስት ወር ምርመራ ስሄድ ያንኑ ወረቀት ሰጡኝ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ ማግሥቱ የትኛውን ሥዕል እንደምሰቅል መርጬ ጨርሻለሁ።

በዚህ ሳምንት የበርት ሞሪዞን መልሼ አወጣሁት፤ ከእነዚህ ሁሉ ወራት በኋላ ምን እንደሚመስለኝ ለማየት። ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ፕላስተሩን ላመጣ ዞር አልኩ። ልጁ አሁን ይድሃል፤ ወንበሩን ይዞ ተነሥቶ ወረቀቱን ጎትቷል። ስመለስ ጥጉ አፉ ውስጥ ነበር። ቀስ ብዬ ከጥርሶቹ አስለቀቅኩት። ኤድማ ደህና ናት፣ እጇም አለ። መጋረጃውንና የአልጋውን እግር ግን በልቶታል።